መፈልፈያው ሲቆም የተሰማው ዘፈን

ተፈቀደልን።

ሰኞ ዕለት በእረፍት ሰዓት ነው የሰማነው። አፌ በብስኩት ተሞልቶ ነበር። ግቢያችን መሀል ካለው ዛፍ ላይ የተሰቀለው የሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ካፏጨ በኋላ የመንፈቅ ዓመቱን መዝጊያ ዝግጅት ዝርዝር ማንበብ ጀመረ። አንደኛ፣ የርእሰ መምህሩ ንግግር። ሁለተኛ፣ የደረጃ ተማሪዎች ሽልማት። ሦስተኛ፣ ጭውውት። አራተኛ፣ ስለ ንጽሕና አጠባበቅ ግጥም። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ተስፋ ቆርጬ ብስኩቴን ወደ ማኘክ ተመልሼ ነበር። ያኔ አንባቢዋ ጉሮሮዋን ጠራረገችና፣ «ሰባተኛ፣ በሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የሚቀርብ ዘፈን፤ ርእሱ ‹ከማን ጋር ልሰላች›» አለች። በትክክል ያነበበችው ያልመሰላት ይመስል ቆም ብላ ርእሱን ደገመችው።

ብስኩቱ መንገዱን ሳተ። ጓደኛዬ ጀርባዬን እየደለቀች፣ «ኧረ እንዳትሞቺብኝ፤ ቅዳሜን እንለፍና ከዚያ እንደፈለግሽ» አለችኝ።

ደስታዬ የበዛባችሁ ከሆነ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ዘፈናችንን እንጫወታለን፤ እሑድ ጓደኛዬ ትሄዳለች። አባቷ ከከተማችን ከሚዛን አጠገብ፣ አማን ላይ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አላቸው። ጅማ ያሉት አያቷ ታመው ብቻቸውን ስለሆኑ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደዚያ ሊገባ ነው። የሱቁ ዕቃ በካርቶን ታስሮ አልቋል፤ የጭነት መኪናው እሑድ ጠዋት ይመጣል። እኔና እሷ ደግሞ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ሰዎች ነን። ቅዳሜ ካልሆነ ሌላ ቀን አልነበረንም። ዘፈኑም ሦስት ሳምንት ሙሉ «አይሆንም» ተብሎ የተቀመጠ ዘፈን ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሙዚቃው ያገኘን እዚያው የአባቷ ሱቅ ውስጥ ነው። በገበያ ቀን ከሸዋ ቤንች፣ ከቱም ሳይቀር የሚመጣ ሰው ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ይገባና «መዝሙር ሙሉልኝ» ይላል፤ ሌላው «መንዙማ ካለ» ይላል፤ ሌላው «ጭፈራ ያለው ይሁን፣ ለሠርግ ነው» ይላል። ጓደኛዬ ከትምህርት መልስ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ ትሞላለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ ማንም የማይጠይቀው አንድ ፎልደር ነበረ። ስሙ «ልዩ ልዩ» ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ገበያተኛውን በየበረንዳው ሲያቆመው ሥራ ፈትተን ከፈትነው። ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት እያለ እስከ ትራክ አሥራ አራት ይሄዳል። የዘፋኝ ስም የለም፣ የዘፈን ስም የለም። የማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ትራክ አንድን ስንሰማ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መሰለን። «ፍጥነቱ በዝቷል፣ ቀንሺው» አልኳት። የምትቀንሰው ነገር አጣች። ከበሮው ውሻ እንደሚያባርረው ሰው ይሮጣል፤ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ ዘፋኙ ደግሞ በአፍንጫው ነው የሚዘፍነው፣ ከእናቱ ጋር እየተከራከረ ከቤት የሚወጣ ይመስላል። እኔ ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ነው። ድምፅ ሲወጣ ክብ ሆኖ፣ ለስልሶ፣ ከጎን ካለው ሰው ድምፅ ጋር ተዋህዶ መውጣት እንዳለበት ነው የተማርኩት። የዚህ ሰውዬ ድምፅ ከማንም ጋር አልተዋሃደም። ስንጥቅ ነው። ዜማው ግን ጣፋጭ ነው። ሁለተኛ ስንሰማው አብረን አንጎራጎርን፤ ሦስተኛ ላይ ጓደኛዬ በሁለት እስክርቢቶ ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመረች።

አባቷ ከውጭ ገብተው አዩን። «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» አሉ።

«ተናዶ ነው፣ አባ» አለቻቸው።

ካፖርታቸውን እያራገፉ ጥቂት አዳመጡ። «አልተናደደም፤ ከፍቶት ነው» ብለው ወደ ደንበኛቸው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ሙዚቃ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ከእሳቸው አሳጥሮ የገለጸው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ፖፕ ፓንክ እንደሚባል ያወቅነው ቆይተን፣ በስልክ ፈልገን ነው። ፓንክ ጩኸቱ ነው፤ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ መጮህ። ፖፕ ደግሞ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚይዘው ዜማው ነው። የእንግሊዝኛውን ቃላት ለማውጣት አንድ ዘፈን አንድ ሳምንት ይፈጅብን ነበር። አንዳችን ስናዳምጥ ሌላችን መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፤ ያልገባንን ቦታ በነጥብ እንተወዋለን። አንዳንዱ ገጽ ከቃሉ ነጥቡ ይበዛል።

ፍቅር ይኖራል ብለን ጠብቀን ነበር፣ በእርግጥም አለ። ከፍቅሩ ይልቅ የበዛው ግን ትንሽ ከተማ ነው። አንድ መንገድ ያላት፣ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅባት፣ ወጣቱ በሙሉ «ከዚህ ልሂድ» የሚልባት ከተማ። ቀድመው የሚሄዱ ጓደኞች አሉ። ትልቅ ሰው መሆንን የሚፈራ ሰው አለ። ድግስ ላይ ጥግ ይዞ የሚቆም፣ ለምን እንደመጣ ራሱም የማያውቅ ሰው አለ። የትራክ ዘጠኙ ሰውዬ ከተማውን ሲያማርር፣ ሲያማርር ኖሮ አንድ ቀን ጥሎ ይሄዳል፤ ሩቅ ደርሶ የሚናፍቀው ግን ያንኑ ከጓደኞቹ ጋር ሥራ ፈትቶ ይቀመጥበት የነበረውን የሱቅ በረንዳ ነው። ይህን ተርጉመን ስንጨርስ ጓደኛዬ እስክርቢቶዋን አስቀምጣ፣ «ሰውዬው ሚዛን ነው እንዴ ያደገው?» አለች።

እኛ አገር ኀዘን ያለበት ዘፈን ቁጭ ብሎ ነው የሚያዝነው። ትዝታ ሲሰማ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ ነው። እሱንም እወደዋለሁ፤ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ አባዬ ሥራውን አስቀምጦ ነው የሚሰማው። ፖፕ ፓንክ ግን እየሮጠ ያዝናል። ቃሉን ብቻ ብታነቡት ሆድ ይብሳችኋል፤ ዜማውን ብቻ ብትሰሙት ትዘላላችሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ሰው እየዘለለ ሆድ ይብሰዋል። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከዚህ የበለጠ እኔን የመሰለ ነገር አላየሁም።

በራሳቸው መቀለዳቸውንም እወድላቸዋለሁ። ሌላው ሳይስቅባቸው ቀድመው «እኔ ሞኝ ነኝ፣ መልኬም ይሄ ነው፣ ጥላኝ ብትሄድ አይፈረድባትም» ብለው ይዘፍኑታል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ተብሎ ይሰደባል? ደግሞ አብዛኛውን የሚጫወቱት በሦስት፣ በአራት ኮርድ፣ ማለት በሦስት በአራት የጊታር ክር አያያዝ ነው። ኳየር ውስጥ ሁሉንም ለምጃቸዋለሁ። እዚያ ፊት ለፊት ለመቆም ሁለት ዓመት ተለማምጃለሁ፤ አልከፋኝም፣ ተምሬበታለሁ። እነዚህ ሰዎች ግን «እስክትችሉ አትጠብቁ፣ እየጮኻችሁ ትለምዳላችሁ» የሚሉኝ መሰለኝ፤ ይህን ከዚያ በፊት ማንም ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አልተዋጠልኝም። ከወላጆቻቸው ሲጣሉ ክፍላቸው ገብተው በሩን በኃይል ወርውረው ይዘጉታል። የየራሳቸው ክፍል አላቸው ማለት ነው። እኔ ከሁለት እህቶቼ ጋር ነው የምተኛው፤ በራችን ደግሞ መጋረጃ ነው። አንድ ቀን ተናድጄ ሞከርኩት። መጋረጃ አይወረወርም። ተመልሶ ፊቴ ላይ ተጠመጠመ፤ ታናሽ እህቴ እስክታለቅስ ሳቀች።

በዚህ ሁኔታ ነው እንግዲህ እኛም እንጫወት ያልነው። ጊታሩ የኳየሩ ነው። አምስት ክር ብቻ ስለቀረው ለመለማመጃ ተብሎ እኔ ጋ ይቀመጣል። ለምን እንደፈለግሁት ከኳየሩ መሪ አልደበቅሁም። አሰብ አድርጋ፣ «ስለ ምንድን ነው ዘፈኑ?» አለችኝ።

«ስለ ጓደኛዬ።»

«ስድብ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ክር እንዳትበጥሺ። እሑድ እንፈልገዋለን።»

ከበሮው ሁለት ጀሪካንና አንድ የዘይት ቆርቆሮ ነው። የቀረን ያ የጊታሩ ማጉረምረም ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ስንጨነቅ ሰንብተን መልሱ ከሱቁ ጓሮ ተገኘ። ወረቀቱ የተቀደደ ስፒከር ነው፤ አባቷ ሊጥሉት ከበር አውጥተውታል። ትንሽ ማይክ በካልሲ ጠቅልለን ጊታሩ ሆድ ውስጥ ከተትንና ከስፒከሩ ጋር አገናኘነው። አንድ ጊዜ መታሁት። ልክ እንደ ትራክ አንድ አጉረመረመ። ጓደኛዬ «ድገሚው» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የት ይለማመዱታል? ያነበብነው እንደሚለው ፖፕ ፓንኮች የሚለማመዱት መኪና በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ሰፈር መኪና የሚያድርበት ክፍል ቀርቶ መኪናውም የለም። ከጎረቤት የሚለየን ደግሞ አንድ ቆርቆሮ ነው። ያኔ እማዬ የምትሠራበት የቡና መፈልፈያ ትዝ አለኝ።

ጀንፈሉ፣ ማለት ከነቅርፊቱ የደረቀው ቡና፣ በጆንያ ይመጣል፤ ማሽኑ ይፈለፍለዋል፤ ገለባው በቧንቧ ከግድግዳው ውጭ ይተፋል። ከግድግዳው ወዲህ ባለው መጋዘን እማዬና ሌሎች ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠው፣ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የተበላሸውን ፍሬ ከጥሩው ይለቅማሉ። ከግድግዳው ወዲያ የገለባው ክምር ነው፤ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ለስላሳ ነው፣ ሁልጊዜም ሞቅ ይላል። እኛ የምንቀመጠው እዚያ ነው። ማሽኑ ሲሠራ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠ ሰው እንኳ አይደማመጥም፤ ስለዚህ መፈልፈያ የሚሠራ ሰው ሁሉ በእጁና በቅንድቡ ነው የሚያወራው። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ይጮሃል፤ ጆሮው ገና ከማሽኑ አልወጣም። ዘበኛው የማን ልጅ እንደሆንኩ ስለሚያውቅ በአገጩ ወደ ጓሮ ያመለክተኛል፤ እኛም ገመዳችንን ከማሽኑ ጎን ካለው ሶኬት ሰክተን በመስኮቱ እናወጣለን።

ማንም አይሰማንም፤ ለዚህ ነው የመረጥነው። እኛም ራሳችንን እንደማንሰማ ግን ልብ አላልንም። ማሽኑ ዱብ ዱብ ሲል ጓደኛዬ በእሱ ልክ ትመታለች፤ እኔ ከማሽኑ በላይ ለመሆን ከሆዴ እጮሃለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ተለማመድን። በእነዚህ ሁለት ወራት ድምፄ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

ዘፈኑን የጻፍኩት ጓደኛዬ እንደምትሄድ በነገረችኝ ሳምንት ነው። እንዲህ ይጀምራል፦

ሚዛን፣ አስፋልትሽ አንድ ነው፣ ዝናብሽ ብዙ፤
ወሬሽ ቀድሞኝ ቤት ይገባል።
እማዬ «ድምፅሽን ቀንሺ» ትላለች፤
የእሷ ድምፅ አማን ድረስ ይሰማል።

አዝማቹ ደግሞ፦

ልሂድ ልሂድ ስል አንቺ ቀደምሽኝ፤
ከማን ጋር ልሰላች? ከማን ጋር ልሰላች?
ብቻዬን ሳማት ይህችን ከተማ
ሐሜቱ ናፍቆት ሆነብኝ።

ጓደኛዬ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና፣ «‹አስፋልትሽ አንድ ነው› ጥሩ ነው» አለች። አዝማቹን ደግማ አንብባ ወረቀቱን ኪሷ ከተተች። ጀሪካኑን ገልብጣ መምታት ጀመረች፤ የዚያን ቀን ያለወትሮዋ በጣም በኃይል መታችው።

ለመዝጊያው የሚቀርብ ነገር ሁሉ ግጥሙ በንጹሕ ወረቀት ተጽፎ ለሚኒ ሚዲያው ኃላፊ መምህር ይሰጣል። መምህራችን መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡት። ደግመውም አነበቡት።

«‹ወሬሽ ቀድሞኝ ቤት ይገባል› የምትይው ሚዛንን ነው?»

«አዎ ቲቸር።»

«ወላጅ ይመጣል እኮ። ወላጅ ፊት ቆማችሁ ከተማችን ሰለቸችን ልትሉ ነው?»

«ሰለቸችን ሳይሆን ናፈቀችን ነው፣ ቲቸር» አለች ጓደኛዬ።

«እዚሁ ቁጭ ብለሽ?»

«ልሄድ ነዋ።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልን፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሲያጥፉትም ቀስ ብለው ነው። «ስለ ደኑ ጻፉ» አሉን። «ስለ ቡናው፣ ስለ ማሩ። የመጣው ሰው ደስ ብሎት ይሂድ። እናትም በዘፈን ‹ድምፅሽ አማን ይሰማል› አትባልም፤ ይቀየማሉ።»

ጻፍን። «ሚዛን ውቢቷ፣ አረንጓዴ ምድር» ብለን ጀመርን። ውሸት አልነበረም። ደኑም እውነት ነው፣ ማሩም እውነት ነው። ግን ስዘፍነው የማንም ሰው ዘፈን አልመስል አለኝ። ከቴፒ በኩል ሲገባ መንገዱ ዳር ከተተከለ ማስታወቂያ ላይ ያነበብኩት ይመስላል። ጓደኛዬ ግን፣ «በቃ፣ ይሄንኑ እንዝፈን» አለችኝ። «እኔ የምፈልገው ካንቺ ጋር እዚያ መቆም ነው። ቃሉ ምን ያደርግልኛል?»

«ለእኔ ያደርግልኛል። የጻፍኩት ላንቺ ነው።»

«እንግዲያው ብቻሽን ቁሚ።»

ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። አንድ ዴስክ ላይ ሆኖ አለመነጋገር ከባድ ነው። እሷ ማስመሪያዬን ስትፈልግ ደብተሯ ጥግ ላይ «ማስመሪያ» ብላ ጽፋ ወደ እኔ ትገፋዋለች፤ እኔ «እንኪ» ብዬ እጽፍላታለሁ። የቀረን ቀን በጣት የሚቆጠር መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም ግትር ነን።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ጊታሩን ይዤ መፈልፈያው ጓሮ ስደርስ ገለባው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጀሪካኖቹን ደርድራለች። ማሽኑ እየጮኸ ስለነበር መታረቅም በእጅ ነው የሆነው፤ አንድ ጣቷን አነሳች፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ራሷ አመለከተች። አንድ ጊዜ፣ ለእኛ ለራሳችን፣ የመጀመሪያውን ዘፈን ማለቷ ነው። ማይኩን ከካልሲው ጋር ጊታሩ ውስጥ ከተትኩና ጀመርን።

አሁን የሠራነውን ስሕተት ልንገራችሁ። የማሽኑን ጠባይ ሁሉ እናውቅ ነበር። ጀንፈሉ ሲያልቅበት ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ቀበቶው ሲንሸራተት እንደሚያፏጭ እናውቃለን፤ ያኔ ዝም እንላለን። መብራት ሲሄድ ግን ማሽኑም ስፒከሩም አንድ ላይ ቀጥ እንደሚሉ፣ የማይቆመው የእኔ አፍ ብቻ እንደሆነ አንድም ቀን አላሰብነውም። እዚህ መብራት መሄዱ ዜና ባይሆንም፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የሄደው ሁልጊዜ እኛ ክፍል ውስጥ ሳለን ነበር።

መብራት ሄደ። በዚያ ሁሉ ፀጥታ ውስጥ፣ ከሆዴ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ፣ «የእሷ ድምፅ አማን ድረስ ይሰማል» ብዬ ጮህኩ።

ወፎች ከዛፉ ተነሱ። ጓደኛዬ ዱላዎቿን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከመጋዘኑ፣ ሴቶቹ ያፈኑት ሳቅ ይሰማኛል። ከዚያ ከሁሉ የሚበልጡት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ለቃሚ፣ «ማናት እሷ?» አሉ።

«የኔ ናት» አለች እማዬ።

እማዬ እንዲህ ያለችው በለመደችው ድምፅ ነው፤ በማሽኑ ልክ። ምናልባት አማን አልደረሰም፣ ግማሽ መንገድ ግን ሄዷል። ሴቶቹ ከዚያ በኋላ ሳቃቸውን ማፈኑን ተዉት።

ገለባው ውስጥ ልገባ ፈለግሁ። ጊታሩን ከትከሻዬ ላወርድ ስል የእትዬ ድምፅ በመስኮቱ መጣ። «ምነው ዝም አልሽ? ጨርሺው እንጂ።»

ጓደኛዬ አየችኝ። ከዚያ ያለ ማሽኑ፣ በቀስታ፣ ጀሪካኑን መታች። እኔም ያለ ስፒከር አዝማቹን ጀመርኩ። ድምፄን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ክብ አይደለም። ላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል፤ ኳየር ውስጥ «እዚህ ጋ ዝም በይ» የሚባልበት ቦታ ላይ ጭራሽ ይጮሃል። መፈልፈያው ለራሱ እንዲስማማው አድርጎ ሠርቶታል። ወደድኩት። መሀል ላይ ጓደኛዬ የምትከተለው ማሽን ስላጣች እየፈጠነች ሄደች፤ ያኔ ከውስጥ አንዷ ሰፌዷን በጣቷ መምታት ጀመረች፣ ዱብ ዱብ፣ ልክ በማሽኑ ልክ። ስንት ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ ሠርታለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ለሁለተኛ ጊዜ «ከማን ጋር ልሰላች» ስል ብቻዬን አልነበርኩም።

ስንጨርስ አንዷ፣ «ማን ነው የሚሄደው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ጓደኛዬ።

«ወዴት?»

«ጅማ።»

«ጅማማ ቅርብ ነው።»

«ለማን ነው ቅርቡ?» አሉ እትዬ። «እህቴ እዚሁ ቴፒ ናት። ካየኋት ሁለት ዓመት አለፈኝ።»

ጓደኛዬ ፊቷን ወደ ገለባው አዙራ ጀሪካኖቹን ማሰር ያዘች። እንባዋን አላየሁም ማለት ይሻላል።

ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ፣ «‹ድምፅሽን ቀንሺ› የምለው እኔ ነኝ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እውነት አማን ድረስ ይሰማል?»

«ነፋስ ካለ።»

በጎን ገፋ አደረገችኝ። ጥቂት እንደሄድን፣ ሰው የሚሰማን ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ልሂድ ልሂድ ስል ነው እዚህ የቀረሁት» አለች። እማዬ በቀስታ ስትናገር ብዙም ሰምቼ አላውቅም። ስለ ትምህርት ቤቱ ነገርኳት። መምህሩ ወላጅ ይቀየማል ማለታቸውን ስትሰማ ግን ድምፅዋ ተመለሰ። «ወላጁ ማን ሆነና?»

ዓርብ በምሳ ሰዓት እማዬ፣ እትዬና አንዲት ሌላ ለቃሚ፣ ሻሻቸው ላይ ገለባ እንደቀረ፣ የሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ላይ ቆሙ። እኔና ጓደኛዬ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠን ሰማን። መስማት ከባድ አልነበረም፤ ሦስቱም የመፈልፈያ ሰዎች ናቸው።

«የምትሰደበው እናት እኔ ነኝ» አለች እማዬ። «መምህር፣ አልተቀየምኩም። እውነቷን ነው።»

«ከተማዋንም እኛ ነን የምንኖርባት» አሉ እትዬ። «ልጆቹ አልሰደቧትም። ሰው የሚያማው የሚወደውን አይደለም እንዴ? የማያውቁትን ማን ያማል?»

መምህሩ ሲስቁ ሰማን። የዝግጅቱን ኮሚቴ አነጋግራለሁ አሉ። ሴቶቹ ከወጡ በኋላ መስኮቱን ከፍተው ቁልቁል አዩን፤ ለካ እዚያ መሆናችንን ያውቁ ነበር። «እኔ ሸዋ ቤንች ሳድግ፣ መንገድ ዳር ተቀምጬ የሚያልፈውን መኪና እቆጥር ነበር» አሉ። ሌላ ነገር ሊጨምሩ ፈልገው ተዉት። «ዝናቡ ያለበት ስንኝ ጥሩ ነው» ብለው መስኮቱን ዘጉት።

ሰኞ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ከሰኞ ወዲህ በየቀኑ ተለማምደናል፤ አሁን ግን ማሽኑ ባረፈበት ሰዓት ነው። ያለ እሱ መጫወት ገና አልተቃናልንም፤ ጓደኛዬ ትፈጥናለች፣ እኔ እጮሃለሁ። ኳየሩ ጊታሩን ለቅዳሜ ፈቅዷል፤ እስካሁን ክር አልበጠስኩም። የአባቷ ሱቅ ባዶ ነው። «ልዩ ልዩ»ን በሁለት ሚሞሪ ገልብጣ አንዱን ሰጥታኛለች። አባቷ ስፒከሩን ወደ ጅማ ለመጫን አልፈለጉም፤ «እዚህ የሚያስፈልገው ሰው አለ» ብለው ተዉልኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ኑ። ትልቁ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ሰባተኛ ስለሆንን ከንግግሩ በኋላ ብትደርሱም አያመልጣችሁም። ፊት አትቀመጡ፣ ስፒከሩ የተቀደደ ነው። በግራ በኩል ከኋላ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ታያላችሁ፤ ከእነሱ ጎን ተቀመጡና እነሱ ሲመቱ ምቱ፣ ጓደኛዬ እንዳትፈጥን። በአዝማቹ ላይ አብራችሁን ጩኹ፤ ማስተካከል አያስፈልግም።

ራቅ ብላችሁ የምትኖሩና ቅዳሜን የማትደርሱ ደግሞ እትዬ ለእኔ ያሉትን እናንተም ውሰዱት። እናንተ ከተማም የሚጮህ አንድ ነገር አይጠፋም፤ ወፍጮ ቢሆን፣ ጄኔሬተር ቢሆን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ቢሆን። ከሚሄድባችሁ ሰው ጋር ከጎኑ ተቀመጡና ስለ ከተማችሁ የሚያሰለቻችሁን ሁሉ በዜማ ጩኹበት። ድንገት ፀጥ ሲልና ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያችሁ ዝም አትበሉ። ጨርሱት።